ትራፓኖው ከመነሣቱ በፊት፦ በተጎታች ቤት ውስጥ በገዛ እጅ የሚሠሩ የማስቀመጫና የምቾት ሥራዎች

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናወራው ከመኪና ኋላ ተያይዞ ስለሚጎተተው፣ አልጋም ማብሰያም መታጠቢያም በሆዱ ስለያዘው ተጎታች ቤት ነው። ካራቫን የምትሉትም ያው እሱ ነው። ሰው ተጎታች ቤቱን ለማሻሻል ሲነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህን ዕቃ የት ላድርገው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ገና ተራው አልደረሰም። ከእሱ የሚቀድሙ ሦስት አሉ፦ ምን ይሸከመዋል? ስንት ኪሎ ይመዝናል? ክብደቱስ ከጎማው በየት በኩል ያርፋል? እነዚህን ሳይመልስ ትራፓኖ ያነሣ ሰው፣ ቆሞ ሲያዩት የሚያምር፣ መንገድ ሲወጣ ግን የሚረግፍ ሥራ ይሠራል።

የመኖሪያ ቤት መደርደሪያ ዕድሜውን ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም። የተጎታች ቤት መደርደሪያ ግን ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ይዘላል፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት ይገፋል፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይጎተታል። 10 ኪሎ የተጫነበት መደርደሪያ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ለቅጽበት ከ20 ኪሎ በላይ እንደተሸከመ ሆኖ ሊጨነቅ ይችላል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ይደጋገማል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ መንቀጥቀጥ ጋር የሚደረግ ትግል ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ከክብደቱ እንነሣ። እያንዳንዱ ተጎታች ቤት ላይ ሊኖረው የሚችለውን ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፎበታል፤ ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ወይም መጎተቻው ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ቁጥር ላይ ባዶ ክብደቱን ስትቀንሱ የሚተርፈው፣ ለውሃ፣ ለጋዝ፣ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመሣሪያ፣ አሁን ልትሠሩት ላሰባችሁት ቁምሳጥንም ጭምር የተፈቀደው ነው። ውሃ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ነው፤ 150 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሞልቶ መጓዝ ማለት ሁለት ትልልቅ ሰዎችን አሳፍሮ መጓዝ ማለት ነው። የተረፈው አበል 400 ኪሎ ቢሆንና ውሃው 150ውን ቢወስድ፣ በቀረው 250 ኪሎ ውስጥ 40 ኪሎ የሚመዝን የእንጨት ሥራ መጨመር ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ከብዛቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። ተጎታቹ በመኪናው ማያያዣ ላይ የሚጭነውን ክብደት የአንገት ጫና እንበለው። በሰሜን አሜሪካ አሠራር ይህ ጫና ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል፤ በአውሮፓ ግን ካራቫኖቹም የመጎተቻው አሠራርም ስለሚለዩ ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው የሚባለው። የእናንተን የሚወስነው የተጎታቹና የመኪናው መመሪያ ነው። ጫናው ካነሰ፣ በተለይ ከባድ ዕቃ ከጎማው ኋላ ከተከማቸ፣ ተጎታቹ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ውዝዋዜው መኪናውን ራሱን ይዞ ይሄዳል።

ስሌቱ ሕፃናት በአንድ ጣውላ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ከፍ ዝቅ እንደሚሉበት ጨዋታ ነው። ከአክስሉ፣ ማለትም ጎማዎቹ ከተገጠሙበት ዘንግ፣ እስከ ማያያዣው ያለው ርቀት 5 ሜትር ነው እንበል። ከአክስሉ 2.5 ሜትር ወደ ኋላ 40 ኪሎ ብትጭኑ፣ 40ን በ2.5 አባዝታችሁ ለ5 ስታካፍሉ 20 ይወጣል። ስለዚህ የአንገት ጫናው በ20 ኪሎ ይቀንሳል፤ አክስሉ ላይ ደግሞ የሚጨመረው 40 ሳይሆን 60 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ነው፦ ከኋላ የተጫነ ዕቃ በጎማዎቹ ላይ ከራሱ በላይ ይመዝናል። ያንኑ 40 ኪሎ ከአክስሉ 3.5 ሜትር ወደ ፊት ብትወስዱት ማያያዣው ላይ 28፣ አክስሉ ላይ 12 ኪሎ ይጨምራል። እንግዲህ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት፣ ቀላሉ ወደ ዳርና ወደ ላይ ይሁን።

የአንገት ጫናን ለመለካት የግድ ልዩ መሣሪያ አያሻም። ተራ የሰው ሚዛንና ጠንካራ ሞራሌ ይበቃል። ሞራሌውን በአንድ ጫፉ ብረት ቧንቧ ላይ፣ በሌላ ጫፉ ደግሞ በሚዛኑ ላይ በተጋደመ ሌላ ቧንቧ ላይ አስቀምጡት፤ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ይኑር። የሞራሌውን የራሱን ክብደት ሚዛኑ ላይ አንብቡና ያዙት። ከዚያ የተጎታቹን አንገት ሚዛን ከሌለበት ቧንቧ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አሳርፉት። ሚዛኑ ካነበበው የሞራሌውን ቀንሳችሁ በ3 ስታባዙ ጫናውን ታገኛላችሁ። መሬቱ ደልዳላ፣ አንገቱም ሲጎተት በሚኖረው ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ጎማዎቹ ደግሞ አስቀድሞ በሽብልቅ ይታገዱ። ይህን ልኬት ከሥራው በፊትና በኋላ አድርጉት። ጠቅላላ ክብደቱንስ? ለጭነት መኪና በተዘጋጀ የመንገድ ሚዛን ላይ ማስመዘን ነው እንጂ በግምት የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የተጎታች ቤት ግድግዳ ሲያዩት ሰሌዳ ይመስላል፤ ውስጡ ግን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፣ በላዩም የተለበጠ ጌጠኛ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ አለ። ከኋላው ፎም ወይም የብርጭቆ ሱፍ፣ ከዚያ የውጭው የአሉሚኒየም ወይም የፋይበር ግላስ ቆዳ ይከተላል። ይህን ስስ ገጽ የነከሰ ቪቴ የሚይዘው በ3 ሚሊ ሜትር እንጨት ብቻ ነው። በእጅ ስትፈትኑት ጠንካራ ይመስላል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ቀዳዳው ሰፍቶ ቪቴው በጣት ይነቀላል።

ስለዚህ የግድግዳውን አጥንት ፈልጉ። በአንዳንዱ አጥንቱ እንጨት ነው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሞራሌ፤ በሌላው የአሉሚኒየም ቱቦላሬ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆንም በመስኮትና በበር ዙሪያ ይለያያል፤ ለክታችሁ አረጋግጡ እንጂ በቁጥሩ አትመኑ። ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ ግድግዳውን ብትዳስሱ፣ ወረቀቱ ሥር በተደበቁት ስቴፕሎችና ቪቴዎች ላይ ይጣበቃል። አሉሚኒየሙን ማግኔት አይስበውም፣ እሱን የያዘውን የብረት ቪቴ ግን ይስበዋል። የተገኙትን ነጥቦች በወረቀት ቴፕ ምልክት አድርጉ፤ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከወደቁ አጥንቱ እዚያ ነው።

የምትፈልጉት ቦታ ከአጥንቱ ጋር ካልገጠመስ? አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። መፍትሔው ደጋፊ ሰሌዳ ነው። 9 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮምፔንሳቶ ከአንዱ አጥንት እስከ ሌላው እንዲደርስ ቁረጡ። በሚያርፍበት ቦታ ያለውን የጌጥ ወረቀት በምላጭ ከርክማችሁ አንሡት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሻክር አድርጉት፣ አቧራውን ጥረጉ። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ኮላው እንከን የሌለው ሆኖ ሳለ ሰሌዳው ከነወረቀቱ ተገሽልጦ ይወድቅበታል፤ ኮላው የያዘው ወረቀቱን እንጂ ግድግዳውን አልነበረማ። ከዚያ የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ በዚግዛግ ቀቡ፣ ሁለቱን ጫፎች በቪቴ ከአጥንቱ ጋር እሰሩ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ መደርደሪያውንም መስቀያውንም የምታስሩት በሰሌዳው ላይ ነው፤ የትም ቦታ ይያዛል።

የቪቴው ርዝመት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ግድግዳው በሙሉ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥባቸው ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ያነሰም አለ። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቪቴ የውጭውን ቆዳ በስቶ ይወጣና ለዝናብ በር ይከፍታል። ቪቴው ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ክፍል ከ25 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጉ። ፑንታው ላይ ደግሞ በዚያው ልክ ባለ ቀለም ቴፕ ጠምጥሙና ቴፑ ግድግዳውን ሲነካ አቁሙ። ፎሙ ከቆዳው ጋር በተለበጠበት ግድግዳ ላይ፣ ከኋላ ክንፉን ዘርግቶ የሚይዘው ዓይነት ብሎን አይሠራም፤ ክንፉ የሚዘረጋበት ባዶ ቦታ የለም። የአሉሚኒየም አጥንት ላይ በተደጋጋሚ የሚፈታ ነገር የምትሰቅሉ ከሆነ ውስጡ ጥርስ ያለውን ሪቬት ተጠቀሙ፤ ስስ አሉሚኒየም ሁለት ሦስት ጊዜ ቪቴ ሲወጣና ሲገባበት ጥርሱ ይበላል።

የመደርደሪያው ደጋፊ ብረት ቅርጽ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ መደርደሪያ ላይ 8 ኪሎ ብትጭኑ ክብደቱ በአማካይ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያርፋል። ግድግዳው ላይ የሚቆመው የብረቱ እግር 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኛውን ቪቴ የሚነቅለው ኃይል 6 ኪሎ ያህል ነው፤ እግሩ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ 12 ኪሎ ይሆናል። መደርደሪያው ያው፣ ዕቃው ያው፣ ጭንቀቱ ግን እጥፍ። ረጅም እግር ያለውን ምረጡ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በሁለት ግድግዳዎች መካከል የሚያርፍ፣ በሁለቱም ጫፉ የተደገፈ መደርደሪያ ነው።

ለመደርደሪያው እንጨት ሲመረጥ ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ በኮላ የተጨመቁ ሰሌዳዎች፣ ርካሽ ናቸው፣ ለዚህ ሥራ ግን አልመክራቸውም። 18 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ቪቴው በጠርዙ ላይ ይሰነጥቀዋል። ጥሩ የበርች ኮምፔንሳቶ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ገደማ ነው። 90 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ በኤም ዲ ኤፍ 3.5 ኪሎ፣ በኮምፔንሳቶው 1.1 ኪሎ ይሆናል። «6 ሚሊ ሜትርማ ይጎብጣል» ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ብቻውን ይጎብጣል። ነገር ግን በፊቱ ጠርዝ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀጭን እንጨት አቁማችሁ በኮላ ብትለጥፉበት፣ ያ እንጨት ዕቃው እንዳይንሸራተት የሚያግድ ከንፈር ይሆናል፤ በዚያውም መደርደሪያውን የሚያጠነክር ተሸካሚ ይሆናል። በላዩ ላይ የማያንሸራትት ጎማማ ምንጣፍ አንጥፉና ሥራው አለቀ። ከጣሪያ ሥር ያሉትን ቁምሳጥኖች ለሁለት ለመክፈልም ይኸው ይበቃል፤ እዚያ ላይ ግን ቆርቆሮ ምግብና የብረት ድስት አይቀመጥ። እነዚያ ቁምሳጥኖች በጥቂት ቪቴ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ልብስ፣ ፎጣና ፕላስቲክ ሳህን ነው የሚስማማቸው።

አዲስ ሳጥን ከመጨመር ይልቅ እዚያው ያለውን ሙት ቦታ መክፈት ይሻላል፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምለው። ከመመገቢያ አግዳሚው ሥር ብዙ ቦታ አለ። ግን እዚያ ያለውን ዕቃ ለማውጣት የተቀመጠው ሰው ይነሣል፣ ትራሱ ይነሣል፣ ክዳኑ ይነሣል። ስለዚህ ማንም አይጠቀምበትም። ከፊት በኩል በር ብትከፍቱለት ያ ቦታ የዕለት መገልገያ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን አንሥታችሁ በባትሪ መብራት ውስጡን መርምሩ። የውሃ ፓምፕ፣ የውሃ ታንከር፣ ሽቦ፣ የማሞቂያ ቱቦ፣ የጎማው ጉብታ፣ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን እዚያ ሊኖር ይችላል። ባትሪውንና የውጭውን ኤሌክትሪክ አቋርጡ። በሁሉም ጎን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ አስቀርታችሁ አራት ማዕዘኑን ሥሩ፤ ያ ሰሌዳ ሰው የሚቀመጥበትን ክዳን የሚሸከም ነውና ጠርዙን አትስገብገቡበት። መስመሩ ላይ የወረቀት ቴፕ ለጥፉ፣ ገጹ እንዳይላጥ። በአራቱ ማዕዘን በ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ፤ ክብ ማዕዘን አይሰነጠቅም፣ ሹል ማዕዘን ግን ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። በቀጭን ጥርስ መጋዝ ቁረጡ። ከውስጥ በኩል በቀዳዳው ዙሪያ 2 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በኮላና በቪቴ አስራችሁ የወሰዳችሁትን ጥንካሬ መልሱለት።

ለበሩ የተቆረጠውን ቁራጭ መልሶ መጠቀም ያጓጓል፤ ሆኖም መጋዙ ስለበላው ክፍተት ይተዋል። ከቀዳዳው በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የ9 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ በላዩ ላይ ቢያርፍ ያምራልም፣ ልኬቱ ትንሽ ቢዛባም አያሳይም። ማጠፊያውን ከታች ካደረጋችሁት በሩ ወደ ወለሉ ይተኛል፤ ለእጅ ይመቻል። መቆለፊያው ማግኔት ወይም በግጭት የሚይዝ ዓይነት አይሁን፤ ፍሬን ሲያዝ ይከፈታል። ተጭነው የሚቆልፉት፣ ተጭነው የሚያወጡት የቁልፍ ዓይነት ተጠቀሙ፤ በሩ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ ሁለት አድርጉ። ከውስጥ ግርጌው ላይ የ6 ሴንቲ ሜትር ግድብ ብትተዉ ደግሞ መቆለፊያው ቢከዳችሁ እንኳ ዕቃው ወለል ላይ አይበተንም።

መሳቢያ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ የተለመደው ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ሳጥኑ ከቀዳዳው በ25 ወይም 26 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። ሰዎች ሐዲዱ ጠነከረብን ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሐዲዱ አይደለም፤ ቁምሳጥኑ ከፊቱ ሰፍቶ ከኋላው የጠበበ ነው። ቀዳዳውን ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ ለኩ፣ በሰፋው በኩል ስስ ኮምፔንሳቶ አስገቡበት። ወደ ተጎታቹ ፊት የሚከፈት መሳቢያ በፍሬን፣ ወደ ጎን የሚከፈተው በኩርባ ይወጣል፤ ሁለቱም ራሱን የሚቆልፍ ሐዲድ ወይም የተለየ መቆለፊያ ይፈልጋሉ።

አልጋው ሥር ያለው ቦታ ትልቁ ነው፤ ከባድ ሥራም ነው። ብዙዎች የአልጋውን መደብ የሚያነሣላቸው፣ በመኪና ኋላ በር ላይ እንዳለው ዓይነት የጋዝ ዘንግ ይገጥማሉ። ምን ያህል ኃይል ያለው ዘንግ? መደቡና ፍራሹ አንድ ላይ 35 ኪሎ ቢመዝኑ ክብደቱ በኃይል መለኪያ ወደ 350 ኒውተን ነው (1 ኪሎ 10 ኒውተን ገደማ ነው)። ርዝመቱ 190 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ማጠፊያው በራስጌ ከሆነ ክብደቱ በ95 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተቀመጠ ይቆጠራል፤ 350 በ0.95 ሲባዛ 332 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ከማጠፊያው እስከ ዘንጉ የግፊት መስመር ያለው ቀጥተኛ ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 332 ለ0.3 ሲካፈል 1,100 ኒውተን ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ዘንግ፣ እያንዳንዱ 550 ኒውተን፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ስላለ 600 ማድረግ ይቻላል።

ይህ ስሌት ግን አንድ ወጥመድ አለው። መደቡ ሲዘጋ ዘንጉ ስለሚተኛ ያ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ 10 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ማንሣት የሚከብደውና ከዚያ በኋላ የሚቀለው። የተለመደው ስሕተት «ከበደኝ» ብሎ ዘንጉን በ1,000 ኒውተን መቀየር ነው፤ ያኔ ፍራሹ የተነሣ ቀን መደቡ ተስፈንጥሮ ፊት ይመታል፣ ወይም የጎን እንጨቱን ይሰነጥቃል። የመጀመሪያውን ክብደት በእጅ ማንሻ ማሰሪያ እርዱት እንጂ ዘንጉን አታግዝፉ። ዘንጉ የሚታሰርበትን እንጨት በሁለቱም ጫፍ በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አወፍሩና ከሮንዴላ ጋር በሚያልፍ ብሎን እሰሩ፤ ቪቴ እዚህ ቦታ አይበቃም። መደቡ ተዘግቶ በሚያሳልፈው ረጅም ጊዜ ቀጭኑ ክፍል ወደ ታች፣ ወፍራሙ ሲሊንደር ወደ ላይ ይሁን፤ ውስጡ ያለው ዘይት ማኅተሙን ያለሰልሰዋል። በብርድ ጊዜ የጋዙ ግፊት ስለሚቀንስ ዘንጎቹ ይዳከማሉ። ስለዚህ ከሥሩ ገብቶ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ መደቡን በእንጨት ደግፎ ይግባ።

አልጋ ሥር ዕቃ ስትሞሉ ደግሞ አየር እንዳትዘጉ። የሰው ትንፋሽና ላብ ፍራሹን አልፎ ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ሻጋታ ከዚያ ይወለዳል። በመደቡ ላይ 40 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ትራፓኖ ላይ በሚገጠም ክብ የቀዳዳ መጋዝ ክፈቱ፣ ከአጥንቱ ግን አርቁ። የታጨቀ ልብስ ከውጭው ግድግዳ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

በውጭ በኩል የሚከፈተውን ዕቃ ቤት ለማደራጀት ክዳን ያላቸው አራት ማዕዘን ፕላስቲክ ሳጥኖች፣ ወለሉ ላይ በቪቴ የታሰረ ቀጭን የእንጨት ድንበር፣ በላያቸውም የሚጠበቅ ቀበቶ ይበቃል። ወለሉን ከመብሳታችሁ በፊት ከታች ምን እንደሚያልፍ እዩ፤ የጋዝ ቧንቧም የፍሬን ሽቦም በዚያ ይሄዳል። ስለ ኋላው መከላከያ ብረት አደራ ልበል፦ ያ ካሬ ቱቦ ብዙ ጊዜ ስስ ላሜራ ነው፤ የፍሳሽ ቱቦ ለመያዝ የታሰበ እንጂ ብስክሌትና ጄኔሬተር ለመሸከም አይደለም። ብየዳው በድካም ይሰነጠቅና ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። መሸከም ካለበት ከሻሲው ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ብረት ያስፈልጋል፤ የአንገት ጫናውም እንደገና ይለካል።

መጣበቂያ መስቀያዎች፣ የመረብ ኪሶች፣ በር ላይ የሚሰቀል የጫማ ከረጢት፤ እነዚህ ቀላልና ጠቃሚ ናቸው። ገጹን በአልኮል አጽድታችሁ፣ ለጥፋችሁ አንድ ቀን ከመጫን ታገሡ፤ በሙቀት እንደሚላቀቁ ግን አስቡ። ማብሰያው አጠገብ የሚታጠፍ ተጨማሪ ጠረጴዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚደርስ ረጅም ማጠፊያ ይታሰር። ቢላ በማግኔት ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ለቆመ ቤት ነው፤ ለሚሄድ ቤት አይሆንም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ የ12 ቮልት ሥራ አያስደነግጥም፤ እሳት ማስነሣት ግን ይችላል። የድሮው ዓይነት አምፖል 1.5 አምፒር ገደማ ይጠጣል፤ በእሱ ልክ የሚያበራ ኤል ኢ ዲ 0.2። ስድስት አምፖል አራት ሰዓት ቢበራ የመጀመሪያው 36 አምፒር ሰዓት፣ ሁለተኛው 5 እንኳ አይሞላም። 100 አምፒር ሰዓት የተባለ የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ያህል ስለሆነ፣ ለዚህ ማሻሻያ ቅድሚያ ብትሰጡ አይቆጫችሁም።

ለስልክ መሙያ ሶኬት አዲስ መስመር ስትዘረጉ የሽቦውን ውፍረት በርቀቱ ምረጡ። ከባትሪው 6 ሜትር ርቆ 5 አምፒር የሚወስድ ዕቃ፣ መሄጃና መመለሻው 12 ሜትር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 0.42 ቮልት ይጠፋል፣ በ4 ካሬ 0.26። የመጀመሪያው ለመብራት ያስኬዳል፣ ሁለተኛው ለፓምፕና ለማቀዝቀዣ የተሻለ ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ስለዚህ በባትሪው በኩል፣ ከባትሪው በ18 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጣል፣ ለ2.5 ካሬ 15 አምፒር ይበቃዋል። ሽቦው ብረት ወይም እንጨት ሲያቋርጥ የጎማ ቀለበት አልብሱት፤ መንቀጥቀጡ ልባሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የሽቦ ጫፎችን በማያያዣ ቱቦ ጨፍልቃችሁ እሰሩ፤ ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል መንገድ ላይ ይፈታል።

ሌሊት የሚያጉረመርም የውሃ ፓምፕ ላላችሁ፦ ድምፁ የሚመጣው ከሞተሩ ይልቅ ወለሉን ከሚነካው ጠንካራ ቧንቧ ነው። በፓምፑ ግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ተጣጣፊ ቱቦ አስገቡበት፣ እግሩን በለስላሳ ጎማ ላይ አሳርፉ፣ ከመውጫው በኋላ አንድ ሊትር የማይሞላ ትንሽ የግፊት ማጠራቀሚያ ጨምሩ። ከውጭ መስመር ውሃ ስትወስዱ ግፊቱን ወደ 3 ወይም 3.5 ባር የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ቧንቧው ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ምንጩ ላይ ይታሰር፤ ያኔ የእናንተ ጎማ ቱቦም ይጠበቃል።

ከውጭ በኩል የምትበሱት እያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ለመያዣ እጀታም ይሁን ለመብራት፣ ከሥሩ የቡቲል ቴፕ፣ ማለትም እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ጎማማ ማሸጊያ፣ ይፈልጋል። ቪቴውን ስታጠብቁ ቴፑ በዙሪያው ሲተፋ ካያችሁ ሞልቷል ማለት ነው፤ በማግስቱ እንደገና አጥብቁና ትርፉን በፕላስቲክ ቁራጭ ክርከሙ። ተራ ሲሊኮን አትጠቀሙ። ሲላቀቅ የሚተወው ቅባት ሌላ ማሸጊያ እንዳይይዝ ያደርጋል። የጎማ ጣሪያ ያላችሁ ደግሞ በነዳጅ ተዋጽኦ የተሠራ ማጣበቂያና ማጽጃ አታስነኩት፤ ያሳብጠዋል።

ቦታ ፍለጋ ሲባል የማይነኩ ነገሮች አሉ። የጋዝ ሲሊንደሩ ያለበት ሳጥን ግርጌ ያለው ቀዳዳ የተከፈተው የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድና በዚያ ስለሚወጣ ነው፤ አይደፈንም። የማሞቂያው ክፍል ውስጥ ባዶ ቢመስልም ምንም አይቀመጥ። የማቀዝቀዣው የኋላ አየር መግቢያና መውጫ፣ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ዙሪያ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ መስኮትና የእሳት ማጥፊያው ሁልጊዜ ነጻ ይሁኑ። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ አልጋ ሥር ልታስገቡት ካሰባችሁ ወደ ውጭ የሚተነፍስ የታሸገ ሳጥን ያስፈልገዋል።

ሥራው ሲያልቅ በብረት ማያያዣዎች ላይ ባለ ናይለን ዳዶ ወይም የብሎኑ ጥርስ እንዳይፈታ የሚይዝ ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ዕቃችሁን ጭናችሁ አጭር መንገድ ሂዱ። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙ። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ከዳዶው እስከ ሰሌዳው በቀለም እስክሪብቶ ቀጭን መስመር አስምራችሁ ከነበረ፣ የዞረውን በዓይን ትለዩታላችሁ። የዞረውን አጥብቁ። በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ ከዞረ፣ ማጥበቁን ተዉና ከኋላው ያለውን እንጨት ከፍታችሁ እዩ።